ፔዳል ስቲል ጊታር ለረጅም ሰው፦ ከፍታውን በጉልበታችሁ ልክ ማስተካከል

ፔዳል ስቲል ጊታር አይታቀፍም፤ አንገት ላይም አይንጠለጠልም። በአራት እግሩ ወለል ላይ ይቆማል፣ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። ግራ እጅ ከባዱን የብረት ባር ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ቀኝ እጅ ክሮቹን ይመታል። ግራ እግር ፔዳሎቹን ይረግጣል፤ ቀኝ እግር የድምፅ መጠን የሚቆጣጠረውን ቮልዩም ፔዳል ይዟል። ጉልበቶችም ሥራ አላቸው። ክሮቹ ከተወጠሩበት የጊታሩ ሣጥን ሥር የተንጠለጠሉትን ሊቨሮች ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይገፋሉ።

ድምፁን ሳታውቁት አትቀሩም። የአሜሪካዊውን የካንትሪ ዘፋኝ የዶን ዊሊያምስን ዘፈኖች ሰምታችሁ ከሆነ፣ ከዘፋኙ ኋላ እየተሳበ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴም ጁጁ የሚባለውን የአገሩን ሙዚቃ በሚጫወተው ባንዱ ውስጥ አስገብቶታል።

መሣሪያው ሲሠራ የሚታሰበው መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ነው። ረጅም ሰው ሲቀመጥበት ጉልበቱ ከሣጥኑ ሥር ይጋጫል፣ ሊቨሮቹ ይከብዱታል፣ ወገቡ ይጎብጣል። ብዙው ሰው «እንግዲህ መሣሪያው እንዲህ ነው» ብሎ ለዓመታት ተኮራምቶ ይጫወታል። አያስፈልግም። ከፍታው ይስተካከላል። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው፤ ከተሳሳተው ጫፍ ከጀመራችሁ ገንዘብ ይባክናል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንያዝ። የጊታሩን ከፍታ የሚወስነው ቁመታችሁ አይደለም። ከተረከዝ እስከ ጉልበት ያለው ርዝመት ነው። ሁለቱም 1 ሜትር ከ90 የሆኑ ሰዎች አንዱ ረጅም ቅልጥም፣ ሌላው ረጅም ወገብ ሊኖራቸው ይችላል። የመጀመሪያው ጊታሩ ከፍ እንዲልለት ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚፈልገው ምናልባት ሌላ ወንበር ብቻ ነው። ስለዚህ «ቁመትህ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ጠይቆ «2 ኢንች ጨምር» የሚል ምክር ከሰማችሁ፣ አመስግናችሁ ሜትራችሁን አውጡ።

በእርግጥ ችግሩ ከፍታው ነው?

አንዳንዱ ምልክት ግልጽ ነው። የጭናችሁ ላይኛ ክፍል ከሣጥኑ ሥር ያሉትን ብረቶች ይነካል። ጉልበታችሁን ዝቅ ለማድረግ ወንበሩን ወደ ኋላ ስባችሁ እግራችሁን ትዘረጋላችሁ። ግራ እግራችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ፔዳል ትረግጣላችሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወገባችሁ ይናገራል።

የሚያሳስቱ ምልክቶችም አሉ። ዋናው «ሊቨሩ ጠጣር ነው» የሚለው ቅሬታ ነው። ሊቨር ከሣጥኑ ሥር በማጠፊያ ተንጠልጥሎ ወደ ታች የሚወርድ ብረት ነው። ጉልበት ጫፉ አካባቢ ሲገፋው ቀላል ይሆናል። ጊታሩ ዝቅ ያለበት ረጅም ሰው ግን የሚገፋው ከላይ፣ ከማጠፊያው አጠገብ ነው። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ገፍታችሁ ለመክፈት ሞክሩና ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ሰውየው ዘይት ይቀባል፣ ስፕሪንግ ይቀይራል፣ ጥገና ቤት ይወስዳል፤ ሊቨሩ ግን ምንም አልሆነም።

ሌላው ምልክት በመቃኘት በኩል ይመጣል። ብዙ ጊታሮች ላይ ግራ ጉልበት ወደ ላይ የሚያነሳው ሊቨር አለ። ኢ9 በሚባለው የተለመደ ቅኝት ይህ ሊቨር ብዙ ጊዜ 5ኛውንና 10ኛውን ክር ከቢ ኖታ ወደ ቢ ፍላት ያወርዳል። ጊታሩ ዝቅ ካለ ጭናችሁ ሳታውቁት ይህን ሊቨር ትንሽ ያነሳዋል፣ ክሮቹም ዝቅ ብለው ይጮኻሉ። እናንተ «ይህ ክር ቅኝት አይዝም» ትላላችሁ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከጊታሩ ሥር ምንም አካላችሁ ሳይገባ፣ ከጎኑ ቆማችሁ 5ኛውን ክር በቱነር ቃኙ። ከዚያ እንደተለመደው ተቀመጡ፣ እግራችሁን በቦታው አድርጉ፣ ሳትጫኑ ያንኑ ክር እንደገና ምቱ። የቱነሩ መርፌ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። በሌሎቹ ክሮች ላይም እንዲሁ ሞክሩ፤ የትኛው ሊቨር እንደተነካ የሚቀየረው ክር ይነግራችኋል።

ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር፦ ከአግዳሚው በላይና በታች

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ከጊታሩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሁለቱ የፊት እግሮች፣ ማለትም በተመልካቹ በኩል ያሉት፣ በታች በኩል በአንድ አግዳሚ ብረት ተያይዘዋል። ፔዳሎቹ የታሰሩት በዚህ አግዳሚ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ፔዳል ወደ ሣጥኑ ሥር ቀጭን የብረት ዘንግ ይወጣል። ፔዳሉን ስትረግጡ ዘንጉ ወደ ታች ይሳባል፣ ሥር ያለው ተሻጋሪ ብረት ይዞራል፣ እሱ ሌላ ዘንግ ይስባል፣ በመጨረሻ የክሩ ጫፍ ይወጠራል ወይም ይላላል።

እንግዲህ እግሩን ለማስረዘም ሁለት ቦታ አለ። ከአግዳሚው በታች፣ ወይም ከአግዳሚው በላይ። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ከአግዳሚው በታች ብታስረዝሙ፣ ለምሳሌ የእግሩን የታችኛ ቱቦ ብትጎትቱ ወይም ከሥሩ እንጨት ብታደርጉ፣ ሣጥኑ ከፍ ይላል። ፔዳሎቹም አብረው ከፍ ይላሉ። ተረከዛችሁ ግን ወለል ላይ ነው። ጣታችሁ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ቁርጭምጭሚታችሁ ይታጠፋል። ኤና ቢ የሚባሉትን ሁለት ፔዳሎች በአንድ እግር እያወዛወዙ መርገጥ የዚህ መሣሪያ እንጀራው ነው። እግር ተሰቅሎ ያን ማድረግ ያደክማል፣ ቆይቶም ያማል።

ከአግዳሚው በላይ ብታስረዝሙ ፔዳሎቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ ሣጥኑ ብቻ ከእነሱ ይርቃል። የምትፈልጉት ይህን ነው። ዕዳው ግን ዘንጎቹ ላይ ይመጣል። ሣጥኑ በ5 ሳንቲሜትር ከራቀ ዘንጎቹም በ5 ሳንቲሜትር መርዘም አለባቸው። ጫፋቸው ላይ ያለው የብሎን ጥርስ የሚሰጣችሁ ማስተካከያ ጥቂት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጭማሪ አይበቃም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰጠው ብዙው የተሳሳተ ምክር የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን ከመደባለቅ ነው።

ልኬት

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንደሚባለው፣ እግርና ዘንግ ከታዘዘ በኋላ መጸጸት ዋጋ የለውም። ሜትር፣ እርሳስና አንድ ረዳት ሰው ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ጫማ። የምትጫወቱበትን ጫማ አድርጉ። የካውቦይ ቡትስ የምታደርጉ ከሆነ ተረከዙ ብቻ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ይጨምራል። ቤት በካልሲ ለክቶ መድረክ ላይ በቡትስ መውጣት ሙሉውን ልኬት ያበላሻል።

ጊታሩን ወደ ጎን አድርጉና ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ። ቅልጥማችሁ ቀጥ ይበል። ቀኝ እግራችሁን ቮልዩም ፔዳሉ ላይ አድርጉት፤ ግራውን ወለል ላይ። ረዳታችሁ ከወለሉ እስከ ጉልበታችሁ ከፍተኛ ቦታ ይለካ። ለሁለቱም እግሮች ለየብቻ።

ቁጥሮቹ እኩል አይመጡም። ቮልዩም ፔዳሉ ተረከዛችሁን ከወለል ስለሚያነሳ ቀኙ ጉልበት ይበልጣል። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። በግራ ጉልበት ብቻ ለክታችሁ ብታዝዙ ቀኙ ያንኑ ብረት ይገጨዋል።

ቀጥሎ ጊታሩ ላይ። ከወለሉ እስከ ሣጥኑ ሥር ዝቅ ብሎ እስካለው የማይንቀሳቀስ ብረት ለኩ። ሊቨሮቹን አትቁጠሩ፣ እነሱ በጉልበታችሁ መሃልና ጎን መውረድ አለባቸው። ወደ ላይ የሚነሳው የግራ ሊቨር ብቻ የተለየ ነው፤ የእሱን የታችኛ ገጽ ከወለል ለብቻው ለኩ።

አሁን ሒሳቡ። ከትልቁ የጉልበት ልኬት ላይ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ጨምሩ። ይህ ጉልበት በነፃነት የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ነው። ከድምሩ የጊታሩን የሥር ከፍታ ቀንሱ። ምሳሌ፦ ቀኝ ጉልበት 65፣ ሲደመር 2.5፣ 67.5 ይሆናል። የጊታሩ ሥር 62.5 ከሆነ የሚፈለገው ጭማሪ 5 ሳንቲሜትር ነው። የእነዚህ ጊታሮች ዕቃ በኢንች ስለሚታዘዝ 2 ኢንች ማለት ነው። 1 ኢንች 2.54 ሳንቲሜትር መሆኑን አትርሱ፣ ግማሽ ኢንች እንኳ እዚህ ሥራ ላይ ትልቅ ነው።

በግራ በኩል ደግሞ አረጋግጡ። ከጭማሪው በኋላ በጭናችሁና ወደ ላይ በሚነሳው ሊቨር መካከል የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር። ከዚያ በላይ ከሆነ ሊቨሩን ለማግኘት እግራችሁን ከፔዳል ላይ ማንሳት ይኖርባችኋል፣ ይህም አይሆንም።

ወንበሩ

ወንበር የምለውጠው መቼ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ፦ ከምንም ነገር በፊት። የተራ ወንበር መቀመጫ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ረጅም ቅልጥም ያለው ሰው እዚያ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ይወጣል። ወገቡ ይጎብጣል፣ ሆዱ ይታጠፋል፣ ጉልበቱ ደግሞ ከቁጥጥር ውጭ ወደ ላይ ይሰቀላል።

ዳሌ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ለመሞከር ከፍና ዝቅ የሚል የድራም ወንበር ከድራመር ጓደኛችሁ ተዋሱ። ትክክለኛውን ከፍታ ስታገኙ ምልክት አድርጉበት። ብዙ የስቲል ተጫዋቾች ከሥሩ ዕቃ መያዣ ያለው ሣጥን መሰል ወንበር ይጠቀማሉ፤ የእሱን እግሮች በሚፈለገው ልክ ማስቀጠል ወይም መቀየር ለእንጨት ወይም ለብረት ሠራተኛ ቀላል ሥራ ነው።

ወንበር ግን ሁሉን አይፈታም። ጫማችሁ ወለል ላይ፣ ቅልጥማችሁ ቀጥ ብሎ እስካለ ድረስ፣ ወንበሩ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ጉልበታችሁ ያለበት ከፍታ ያው ነው። ወንበር የሚያስተካክለው ዳሌን፣ ወገብንና ክንድን ነው። ጊታሩን ከፍ ማድረግ ደግሞ የጉልበትን ጉዳይ ይፈታል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ጊታሩ ወደ ላይ ወጥቶ ወንበሩ ባለበት ከቀረ ትከሻችሁ ወደ ጆሮአችሁ ይወጣል።

ክርናችሁን ተመልከቱ። ባሩን ክሮቹ ላይ ስታደርጉ የታችኛው ክንዳችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ወይም ወደ ክሮቹ ትንሽ ዘመም ያለ ይሁን። ትከሻ ዘና ብሎ ይውረድ። ወንበሩን ከቀየራችሁ በኋላ የጉልበቱን ልኬት እንደገና ውሰዱ፣ አቀማመጣችሁ ስለሚለወጥ ቁጥሩ ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ገንዘብ ሳይወጣ መሞከር

አራት እኩል ውፍረት ያላቸው እንጨቶች ፈልጉ። ውፍረታቸው የሚፈለገው ጭማሪ ያህል ይሁን። በእያንዳንዱ መሃል የእግሩ ጎማ የሚገባበት ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይቦርቦር። ይህን ጉድጓድ አትዝለሉት፤ ጊታሩ ከእንጨቱ ላይ ቢንሸራተት ጭናችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት አንገት ያላቸው፣ ማለትም በአንድ ሣጥን ላይ ሁለት ረድፍ ክሮች ያሏቸው ጊታሮች፣ በጣም ከባድ ናቸው። ሲነሳም ለሁለት ሆናችሁ አንሱ።

ጊታሩ እንጨቶቹ ላይ ሲቆም ፔዳሎቹ አብረው ከፍ ስለሚሉ ለጊዜው ተዉአቸው። ግራ እግራችሁን ከፔዳሉ ጎን ወለል ላይ አሳርፉ። የምትፈትሹት ጉልበት፣ ሊቨርና ክንድ ነው። ሊቨሮቹን አንድ በአንድ ግፉ። ጫፋቸው ከጉልበታችሁ ጎን ጋር ይገናኛል ወይስ በላዩ ያልፋል? ይቀላሉ? ቀኝ እግራችሁ ቮልዩም ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ሲከፍት ጉልበታችሁ የሚነካው ነገር አለ? ለግማሽ ሰዓት ያህል በባሩ ብቻ ተጫወቱ።

በዚህ ሙከራ ላይ አንዳንድ ሰው ካሰበው ያነሰ ጭማሪ እንደሚበቃው ያገኛል። ጥሩ ነው፣ ያነሰውን ውሰዱ። ሊቨሮቹ ከጉልበት በላይ እስኪቀሩ ድረስ ከፍ ያለ ጊታር ከዝቅተኛው አይሻልም።

ምን እንግዛ?

የሚፈለገው ጭማሪ ከ2 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ከሆነ ያላችሁን እግር ፈትሹ። በብዙ ጊታሮች እግሩ ሁለት ቱቦ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል፣ በመጠምዘዝ ወይም በማጥበቂያ ይያዛል። በአንዳንዶቹ የሚንሸራተቱት የኋላዎቹ ብቻ ናቸው። አራቱንም መጎተት ከተቻለ ሁሉንም በእኩል ጎትቱ። ይህ ከአግዳሚው በታች የሚደረግ ጭማሪ ነው፣ ፔዳሎቹ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ለ1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ግን ብዙ ሰው ይለምደዋል። እግራችሁ ትልቅ ቁጥር ጫማ የሚገባ ከሆነ እንዲያውም ላያስቸግራችሁ ይችላል።

አግዳሚው እግሩ ላይ በማጥበቂያ የታሰረና ወደ ላይና ታች የሚንሸራተት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። እግሩን ጎትታችሁ አግዳሚውን ያንኑ ያህል ወደ ታች መመለስ ትችላላችሁ። የሚቀረው ዘንግ ብቻ ነው።

ከዚያ በላይ ለሆነ ጭማሪ ረጃጅም እግሮችና ረጃጅም ዘንጎች ያስፈልጋሉ። የጊታሩ አምራች ዛሬም የሚሠራ ከሆነ ሞዴሉን፣ ተከታታይ ቁጥሩንና የምትፈልጉትን ጭማሪ ጻፉላቸው። ይህ ለስቲል ጊታር ሠሪዎች እንግዳ ጥያቄ አይደለም። ስትጽፉ ጭማሪው ከአግዳሚው በላይ እንዲሆን እንደምትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ። አዲስ ጊታር የምታዝዙ ከሆነ ደግሞ ከመሠራቱ በፊት የጉልበታችሁን ልኬት ስጡ፤ ያኔ ዋጋው ትንሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተሠሩ ሾ-ባድና ኤመንስ ጊታሮች ዛሬም መድረክ ላይ አሉ። ለእነዚህ ዕቃ ከፋብሪካ እንደ አዲሶቹ በቀላሉ አይገኝም። ጥሩ ቶርኖ ቤት መፍትሔ ነው። አንድ እግርና አንድ ዘንግ ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ። የእግሩ የላይኛ ጥርስ ከሣጥኑ ጥርስ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ «ይቀራረባል» የሚባል ጥርስ የሣጥኑን አልሙኒየም ይበላዋል። ዋናዎቹን እግሮች አታስቆርጡ፣ አታስበይዱ። አስቀምጧቸው። ጊታሩን አንድ ቀን ስትሸጡ ገዢው ኦሪጅናሉን ይጠይቃል።

ሌላ መንገድ አለ። በሣጥኑና በእግሩ ጫፍ መካከል የሚገባ አጭር ማራዘሚያ ማሠራት ነው። በአንድ በኩል ወንድ ጥርስ፣ በሌላው ሴት ጥርስ። ጭማሪው ከአግዳሚው በላይ ስለሚሆን ቦታው ትክክል ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ዘንጎቹንም በረጅም ዳዶና በቁራጭ ብሎን መቀጠል ይቻላል። እኔ ግን ለቤት እንጂ ለመድረክ አልመርጠውም። እያንዳንዱ ተጨማሪ መጋጠሚያ መወዛወዝ ያመጣል፤ ፔዳል ሲረገጥ የሚወዛወዝ ጊታር ደግሞ ያናድዳል።

ዘንግ ስታሠሩ ሁሉንም በእኩል አትቁረጡ። እያንዳንዱ ዘንግ የየራሱ ርዝመት ሊኖረው ይችላል። በእያንዳንዱ አሮጌ ዘንግ ላይ ጭማሪውን ደምሩና አዲሱን በዚያ ልክ አሠሩ። ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። አንድ አንገት ባለው መደበኛ ጊታር ላይ 3 ፔዳል፣ ሁለት አንገት ባለው ላይ ብዙ ጊዜ 8 አለ። ወጪውን ስታሰቡ ይህን ቁጥር አስቡ።

ገጠማው

ጊታሩን ገልብጣችሁ መያዣ ሣጥኑ ውስጥ፣ ሆዱ ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። መሣሪያው ሁልጊዜም የሚገጠመው እንዲህ ነው። የድሮዎቹን ዘንጎች ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉ። በስልካችሁም ሁለት ሦስት ፎቶ አንሱ።

አዲሶቹን እግሮች በእጅ ብቻ አጥብቁ። በቺያቤ አታስጨንቋቸው፣ የሣጥኑ ጥርስ ለስላሳ ነው። ጥርሱ ሳይያዝ የሚያስገድድ ከሆነ መልሳችሁ አውጡና ከመጀመሪያ ጀምሩ። ቀጥሎ አግዳሚውን በፊት እግሮቹ ላይ ግጠሙ፣ ከዚያ ዘንጎቹን አንድ በአንድ አያይዙ። ለሁለት ሆናችሁ ገልብጡና አቁሙት።

ውሃ ልክ አምጡ። አንዴ በክሮቹ አቅጣጫ፣ አንዴ ክሮቹን በሚያቋርጥ አቅጣጫ አድርጋችሁ እዩ። አንዳንድ ተጫዋች ወደ ራሱ ትንሽ ዘመም ማለቱን ይወዳል። እኔ መጀመሪያ ቀጥ አድርጎ ሳምንት መጫወት፣ ከዚያ ካስፈለገ ማዝመም ይሻላል ባይ ነኝ። አራቱም እግሮች ወለሉን መንካታቸውን በጣት ግፊት አረጋግጡ። ሦስት እግር ላይ የቆመ ጊታር ፔዳል ሲረገጥ ያንኳኳል።

ዘንጎቹን ማስተካከል

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የሥራው ልብ ይህ ነው።

ዘንጉ ከሚገባው በላይ ካጠረ ፔዳሉ ሳይረገጥም ክሩን በትንሹ ስቦ ይይዘዋል፣ ክሩም ወደ ቦታው አይመለስም። ከሚገባው በላይ ከረዘመ ደግሞ ፔዳሉ ይላላል። እግራችሁ የተወሰነ ርቀት በባዶ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። የምትፈልጉት በመካከል ነው፤ ፔዳሉን በጣት ስትነኩት እጅግ ትንሽ ነፃ እንቅስቃሴ ይኑር፣ ከዚያ ወዲያውኑ ይያዝ።

ማስተካከያው የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ ነው። ጫፉን ከፔዳሉ ፍቱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ሞክሩ። ፔዳሎቹን ከጎን ሆናችሁ እዩዋቸው፣ በአንድ መስመር ይሁኑ። በተለይ ኤና ቢ እኩል ከፍታ ላይ ካልሆኑ አብሮ መርገጥ ያስቸግራል።

ከዚያ ቱነሩን አብሩ። በኢ9 ቅኝት ኤ ፔዳል 5ኛውንና 10ኛውን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይወስዳል። ቢ ፔዳል 3ኛውንና 6ኛውን ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ። ሲ ፔዳል 4ኛውን ከኢ ወደ ኤፍ ሻርፕ፣ 5ኛውን ደግሞ ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ። እያንዳንዱን እየረገጣችሁና እየለቀቃችሁ ሁለት ነገር ፈትሹ፦ ሲረገጥ የቀድሞውን ድምፅ ይደርሳል? ሲለቀቅስ ወደ መነሻው ይመለሳል? የሚደርስበት ድምፅ የሚወሰነው ሣጥኑ ላይ ባለው መቃኛ ነው እንጂ በፔዳሉ ዘንግ ርዝመት አይደለም። ስለዚህ ድምፁ ከተበላሸ መቃኛውን ከማዞራችሁ በፊት ዘንጉን ጠርጥሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ መቃኛውን ይነካና ከዚያ በኋላ ሁለት ችግር ያሳድዳል።

ሊቨርና ቮልዩም ፔዳል

ሊቨሮቹ ከሣጥኑ ጋር አብረው ከፍ ብለዋል። አሁን እያንዳንዱ ከጉልበታችሁ ጋር የሚገናኘው ከበፊቱ ወደ ጫፉ ቀርቦ ነው። መቅለል አለበት። ጫፉ ጉልበታችሁን ስቶ የሚያልፍ ካለ ጭማሪው በዝቷል፣ ወይም ያ ሊቨር ብቻ ረዘም ያለ ይፈልጋል። የረጅም ሰው ጭኑም ወፍራም ከሆነ ግራ ጉልበት በሁለቱ የግራ ሊቨሮች መካከል ሊጣበብ ይችላል። በአንዳንድ ጊታሮች የሊቨሩ መያዣ በብሎን ላልቶ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ አለን ኪ ይበቃል። ሊቨሩን በጉልበት አጥፎ ማስተካከል ግን አይሞከርም። ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ አልሙኒየም አይታጠፍም፣ ይሰበራል።

ቀኝ ጉልበት አሁንም ከጠበበው ጊታሩን እንደገና ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት ቮልዩም ፔዳሉን እዩት። ዝቅ ተደርገው የተሠሩ ሞዴሎች አሉ። ቀኝ ጉልበትን ከግራው ጋር ስለሚያቀራርቡ በመላው ጊታር ላይ ልትጨምሩት የነበረውን ሊያስቀሩላችሁ ይችላሉ። እኔ ብሆን ረጃጅም እግር ከማዘዜ በፊት እሱን ነው የምሞክረው።

ጫማው ረጅም ለሆነ ሰው ሌላም ነገር አለ። የግራ ጫማችሁ አፍንጫ ከፔዳሉ ያልፍና ዘንጎቹን ወይም አግዳሚውን ሊነካ ይችላል። ወንበሩን በ3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ መሳብ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ጠበብ ያለ አፍንጫ ያለው ጫማም ይረዳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ባር የያዘው እጃችሁ መጀመሪያ ላይ ይስታል። ዓይናችሁ ፍሬቶቹን የሚያየው ከአዲስ ማዕዘን ስለሆነ ባሩ ከመስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ሊል ይችላል። የቅኝት ችግር ነው ብላችሁ ወደ ቁልፍ አትሩጡ፣ ዝግ ብላችሁ ተጫወቱ።

ከጥቂት ጊዜ ጨዋታ በኋላ የእግሮቹን ጥብቀትና የዘንጎቹን ጫፍ እንደገና ፈትሹ። አዲስ ጥርስ ትንሽ ይላላል። የሚንሸራተት ቱቦ ያላቸው እግሮች ላይ ደግሞ ትክክለኛው ከፍታ ያለበትን ቦታ በማይጠፋ ማርከር ክብ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ። አለበለዚያ መድረክ ላይ በጨለማ፣ ባንዱ እየጠበቀ፣ ሜትር ስትፈልጉ ትገኛላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከማዘዛችሁ በፊት የሚታይ። የጊታሩ መያዣ ሣጥን ለድሮዎቹ እግሮች ልክ የተሠራ ክፍል አለው። 2 ኢንች የረዘመ እግር እዚያ ላይገባ ይችላል። በሰያፍ ካልገባ እግሮቹንና ዘንጎቹን ለብቻ የሚይዝ ረጅም የሸራ ቦርሳ አሠፉ፤ የካሜራ ትራይፖድ ቦርሳም ይሆናል። አግዳሚው ግን ርዝመቱ ስላልተለወጠ በቦታው ይቀመጣል።